ስክሪኑ ለምን ግራጫ ይሆናል?

የፊልም ወዳጆች ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ደብዳቤዎች በሙሉ ከጎጃም የመጡ ናቸው፤ ከዓባይ በረሃ አፋፍ ከደጀን እስከ ጣና ዳር። ጠያቂዎቹ ከትልልቅ ስቱዲዮዎች ውጭ በትንሽ ገንዘብ የተሠሩ ፊልሞችን፣ የውጭ አገር ሥራዎችንና በተለምዶ ሆረር የምንላቸውን አስፈሪ ፊልሞች የሚወዱ ናቸው። ብዙዎቹን የቸገራቸው ፊልሙ ራሱ ሳይሆን ፊልሙ የሚታይበት ሁኔታ ነው። ረዘም ያሉትን ደብዳቤዎች አሳጥረናቸዋል።

ከደብረ ማርቆስ፣ የፊልም ክበብ አስተባባሪ

*በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በአንድ አዳራሽ ፊልም እናሳያለን። ኮሜዲና የፍቅር ፊልም ሲሆን ደህና ይታያል። አስፈሪ ፊልም ስንከፍት ግን ስክሪኑ ግራጫ ይሆንና ተመልካቹ "ምን ሆነ? ማን ሞተ?" እያለ እርስ በርሱ ይጠያየቃል። የፕሮጀክተራችን የብርሃን መጠን 3000 ሉመን ነው፤ ምስሉን ግድግዳው ላይ 4 ሜትር አስፍተን ነው የምናሳየው። አሁን 5000 ሉመን ያለው ለመግዛት ገንዘብ እያዋጣን ነው። ልክ ነን?*

ገንዘባችሁን ለጊዜው ያዙት። ፕሮጀክተር ብርሃን እንጂ ጨለማ አይረጭም። ፊልሙ ውስጥ ጥቁር የሆነው ቦታ፣ ግድግዳችሁ ላይ ብርሃን ያልተላከበት ቦታ ማለት ነው። ከሌላ አቅጣጫ የገባ ብርሃን ካለ ያ ቦታ የግድግዳውን ቀለም ይዞ ግራጫ ይሆናል። ኮሜዲ አብዛኛው በቀንና በደማቅ መብራት ስለሚቀረጽ ጉድለቱን ይሸፍንላችኋል። የአስፈሪ ፊልም ግማሽ ታሪኩ ያለው ግን ጥላው ውስጥ ነው፤ ጥላው ሲነጣ ታሪኩም አብሮ ይሄዳል።

መጀመሪያ አዳራሹን ፈትሹት። ፕሮጀክተሩንም መብራቱንም አጥፍታችሁ ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ አምስት ደቂቃ ያህል ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ የጎናችሁን ሰው ፊት መለየት ከቻላችሁ ብርሃን እየገባ ነው። ሰው ሁሉ የሚያየው መስኮቱን ነው፤ ዋናዎቹ ጥፋተኞች ግን በግድግዳውና በቆርቆሮው መካከል ያለው ክፍተት፣ የበሩ ሥርና የሚስማር ቀዳዳዎች ናቸው። ለቤት ግንባታ የሚሸጠው ወፍራም ጥቁር ላስቲክ ድርብ ሆኖ ይበቃል፤ በስስ መጋረጃ አትድከሙ። የመውጫውን በር ግን በላስቲክ እንዳታሽጉት። ከውስጥ በኩል አንድ ሜትር ያህል ራቅ አድርጋችሁ ከባድ ጨርቅ ብታንጠለጥሉ ሰው ሲገባና ሲወጣም ብርሃኑ አያልፍም። ዝግጅቱንም ከቀትር በኋላ መሆኑን ትታችሁ ወደ ምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ብታዛውሩት ከሥራው ግማሹ ያለ ምንም ወጪ ያልቃል።

ቀጥሎ ምስሉን አሳንሱት። 4 ሜትር ስፋት ያለው ምስል 2.25 ሜትር ቁመት ስላለው 9 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ 3000 ሉመን ለዚያ ሲከፋፈል ለአንዱ ካሬ ሜትር 333 ገደማ ይደርሰዋል። ስፋቱን ወደ 2.5 ሜትር ብታወርዱት ምስሉ 3.5 ካሬ ሜትር ያህል ይሆንና ለአንዱ ካሬ ሜትር ከ850 በላይ ይደርሳል። ያው ፕሮጀክተር ሁለት ዕጥፍ ተኩል ደመቀ ማለት ነው። "ለ40 ሰው ትንሽ ነው" የሚል ቢኖር ወንበሩን ወደፊት አስጠጉት፤ የመጨረሻው ረድፍ ከ7 ወይም ከ8 ሜትር ካልራቀ ሰብታይትሉ ይነበባል። ርቀቱን ለማወቅ በማኑዋሉ ላይ ያለውን የውርወራ ሬሾ (የፕሮጀክተሩ ርቀት ለምስሉ ስፋት ሲካፈል የሚገኘውን ቁጥር) ተመልከቱ፦ 1.5 ከሆነ ለ2.5 ሜትር ምስል ፕሮጀክተሩን 3.75 ሜትር ላይ ታስቀምጣላችሁ። ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ሉመን የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ቀለሙን ወደ አረንጓዴ በሚወስደው እጅግ ደማቅ ሞድ ስለሆነ፣ "ሲኒማ" የሚለውን ስትመርጡ ብርሃኑ እንደሚቀንስም አስቡ። ያም ሆኖ ምረጡት፤ የሰው ፊት የሰው ፊት የሚመስለው በእሱ ነው።

ስክሪን ከሌላችሁ ለስላሳ ግድግዳ ከአቡጀዲ ይሻላል። ግድግዳውን በነጭ ውኃ ቀለም ቀቡት፤ ዘይት ቀለም ያብለጨልጭና ምስሉ መሐል ላይ የሚያበራ ክብ ይፈጥራል። አቡጀዲ የግድ ከሆነ ድርብ አድርጋችሁ ከጀርባው ጥቁር ጨርቅ ስፉበት፤ አለዚያ ብርሃኑ ወደ ኋላ ያልፋል። የታችኛውን ጠርዝ አጥፋችሁ ከሰፋችሁ በኋላ ቀጥ ያለ አጠና ብታስገቡበት ክብደቱ ጨርቁን ይወጥረዋል። ብዙ ክበቦች የሚረሱት ደግሞ ኮርኒሱን ነው። ከስክሪኑ የተመለሰው ብርሃን ነጭ ኮርኒስ ላይ አርፎ እንደገና ስክሪኑ ላይ ይወርዳል፤ ከስክሪኑ አጠገብ ያለውን የመጀመሪያ ሁለት ሜትር ኮርኒስና የጎን ግድግዳ በጥቁር ጨርቅ መሸፈን ከአዲስ ፕሮጀክተር ባልተናነሰ ይጠቅማል።

ስለ መብራት መቆራረጥ፦ ባለ አምፖል ፕሮጀክተር ከተዘጋ በኋላ ማራገቢያው አምፖሉን ማቀዝቀዝ አለበት። መብራት ድንገት ሲሄድ ይህ አይሆንም፤ ስለዚህ መብራት ሲመለስ ወዲያው አታብሩት፣ አሥር ደቂቃ ያህል ታገሡ። 1000 ቪኤ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ የሚተካ ባትሪ) ፊልሙን አያስጨርሳችሁም፤ ፕሮጀክተሩን በሥርዓቱ ለመዝጋት ግን ይበቃል። በኤልኢዲ ወይም በሌዘር የሚሠሩት ላይ ይህ ጭንቀት በጣም ይቀንሳል።

ክረምትን በተመለከተ ደግሞ፣ ኮርኒስ በሌለው ቆርቆሮ ቤት ከሰኔ እስከ ነሐሴ ጸጥታ የሚጠይቅ ፊልም ለማሳየት አታስቡ። ጩኸት የበዛበትን በዝናቡ ወቅት አሳዩ፤ ጸጥ ያለውን ለኅዳርና ለታኅሣሥ አቆዩት።

ከፍኖተ ሰላም፣ የቪዲዮ ቤት ባለቤት

*ሰዎቹ ሲነጋገሩ አይሰማም። ድምፅ ስጨምር ደግሞ በር ሲዘጋ ጆሮ ይበጥሳል። ደንበኞቼ "ስፒከርህ ተበላሽቷል" ይሉኛል። በብሉቱዝ ነው የማገናኘው።*

ስፒከርዎ ሳይሆን የድምፁ አከፋፈል ነው። ብዙ ፊልሞች ድምፃቸው 5.1 በሚባለው አሠራር በስድስት ቻናል የተከፋፈለ ሲሆን ንግግሩ በአብዛኛው የሚቀመጠው በመሐለኛው ቻናል ነው። እርስዎ ዘንድ ያሉት ሁለት ስፒከሮች ናቸው፤ ማጫወቻው መሐለኛውን በሚገባ ካልቀላቀለው ንግግሩ ይሰምጣል፣ በሩና ሙዚቃው ግን እንዳሉ ይቀራሉ። ፋይሉ ከአንድ በላይ የድምፅ ምርጫ ካለው ስቴሪዮ የሚለውን ይምረጡ። ከሌለው ቪኤልሲ በሚባለው ነፃ ማጫወቻ ውስጥ "ቱልስ"፣ ከዚያ "ኢፌክትስ ኤንድ ፊልተርስ" ገብተው ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ድምፅ የሚያቀራርበውን ኮምፕረሰር ያብሩ። ትሬሾልዱን ወደ -20 ዴሲቤል፣ ሬሾውን ወደ 4፣ ሜክአፕ ጌይኑን ወደ 8 አድርገው ይጀምሩና በጆሮዎ ያስተካክሉ። ከዚህ በላይ አይጭመቁት። ሹክሹክታውና ጩኸቱ እኩል ከሆኑ የሚያስደነግጥ ነገር አይኖርም፤ ደንበኞችዎም በሌላ በኩል ይመጡብዎታል።

ብሉቱዙን ይተዉትና በገመድ ያገናኙ። ብሉቱዝ ድምፁን ከሰኮንድ አሥረኛ በላይ ሊያዘገየው ስለሚችል ከንፈሩ ቀድሞ ይከፈታል፤ በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው "ጓ" የሚለው። ገመድ ለዛሬ ካልተገኘ በቪኤልሲ ላይ "ጄ" የሚለው ቁልፍ በተጫኑት ቁጥር ድምፁን በ50 ሚሊሰኮንድ ወደፊት ያመጣዋል። ስፒከሮቹን ከስክሪኑ ግራና ቀኝ፣ በተቀመጠ ሰው ጆሮ ቁመት ያድርጓቸው። የኋላው ግድግዳ ባዶ ከሆነ ሁለት ወፍራም ብርድ ልብስ ይስቀሉበት፤ ማሚቶው ሲቀንስ ንግግሩ ይጠራል።

ከባሕር ዳር፣ ሰብታይትል ሠሪ

*ለጓደኞቼ የአማርኛ ሰብታይትል እሠራለሁ። በእኔ ላፕቶፕ ላይ ያማረው ጽሑፍ ሌላው ጋ ሲሄድ አራት ማዕዘን ሳጥን ይሆናል፤ አንዳንዱ ጋ ደግሞ ትርጉም የሌለው ምልክት። ሁለተኛው ችግሬ፣ መጀመሪያ ላይ ልክ የነበረው እየቆየ ከንግግሩ ወደ ኋላ ይቀራል።*

ሳጥኑና ምልክቱ የተለያዩ ሕመሞች ናቸው። ሳጥን ከታየ ፊደሉ በትክክል ደርሷል፣ ግን ማጫወቻው የሚጠቀምበት ፎንት የግዕዝ ፊደል የለውም። በቪኤልሲ "ቱልስ፣ ፕሪፈረንስ፣ ሰብታይትልስ" ውስጥ ፎንቱን ወደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ፣ አቢሲኒካ ኤስአይኤል ወይም ኒያላ መቀየር ነው። የተዘበራረቀ ምልክት ከታየ ግን ፋይሉ የተቀመጠው ወይም የተነበበው በተሳሳተ ኢንኮዲንግ (ፊደል ወደ ኮምፒውተር ቁጥር በሚቀየርበት ሥርዓት) ነው፤ የሰብታይትል (ኤስአርቲ) ፋይልህን በኖትፓድ ክፈተውና "ሴቭ አዝ" ብለህ ከታች ዩቲኤፍ-8ን መርጠህ አስቀምጠው። የፋይሉ ስም ከቪዲዮው ስም ጋር አንድ ከሆነ በራሱ ይከፈታል። በፍላሽ በቴሌቪዥን ለሚያዩት ሰዎች ይህም ላይበቃ ይችላል፤ የቴሌቪዥኑን ፎንት መቀየር ስለማይቻል ሃንድብሬክ በሚባለው ነፃ የቪዲዮ ፕሮግራም ጽሑፉን ከምስሉ ጋር አጣብቀህ ስጣቸው። አንዴ ከተጣበቀ ስሕተት ማረም አይቻልምና መጀመሪያ ሌላ ሰው ያንብበው።

ወደ ኋላ መቅረቱን ለመለየት መጀመሪያውንና መጨረሻውን አነጻጽር። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል ከዘገየ ቀላል ነው፤ በቪኤልሲ "ጂ" ጽሑፉን በ50 ሚሊሰኮንድ ያፈጥነዋል፣ "ኤች" ያዘገየዋል። እያደር የሚሰፋ ከሆነ ግን ችግሩ የፍሬም ቁጥር፣ ማለትም በሰኮንድ የሚያልፉት ነጠላ ምስሎች ብዛት ነው። ሰብታይትሉ የተሠራው በሰኮንድ 23.976 ፍሬም ለሚሄድ ቅጂ ሆኖ ያንተ ቪዲዮ 25 ከሆነ፣ ምስሉ ፈጥኖ ስለሚሄድ የ100 ደቂቃ ፊልም መጨረሻ ላይ ጽሑፉ አራት ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ቁልፍ በመጫን አይድንም። ሰብታይትል ኤዲት በሚባለው ነፃ ፕሮግራም "ቼንጅ ፍሬም ሬት" ገብተህ ከ23.976 ወደ 25 ቀይረው፤ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ስለ አጻጻፉም ሳትጠይቀን እንጨምርልህ። አንድ መስመር ከ30 ፊደል፣ አንድ ጽሑፍ ከሁለት መስመር ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ ከአንድ ሰኮንድ በታች አይታይ፣ ከስድስት ሰኮንድ በላይም አይቆይ። በአስፈሪ ፊልም ደግሞ ጊዜው ከቃሉ ይበልጣል። ተዋናዩ "በሩ ላይ ያለው..." ብሎ ትንፋሹን ዋጥ ካደረገ በኋላ "...አባትህ አይደለም" የሚል ከሆነ ሁለቱን በአንድ ጽሑፍ አታውጣቸው። ተመልካቹ ከተዋናዩ ቀድሞ አንብቦ ይጨርሳል፣ ትንፋሹም በከንቱ ይቀራል። ከበሩ ጀርባ ያለው ማን እንደሆነ ባልታወቀበት ቦታ "ማን ነህ?" ብለህ ስትጽፍ ደግሞ ፊልሙ የደበቀውን ጾታ አጋለጥህ። "ማነው?" በል፤ ወይም እንደ ተናጋሪው ዕድሜ አንቱታውን ተጠቀም።

ከእንጅባራ፣ አንባቢ

*ኃይለኛ ድምፅ ሲመጣ እደነግጣለሁ እንጂ አልፈራም። ከአዳራሹ ስወጣ ሁሉንም እረሳዋለሁ። ቤት ድረስ ተከትሎ የሚመጣ ፊልም ምን የተለየ ነገር አለው?*

መለየትሽ ትክክል ነው። ድንጋጤ የሰውነት ምላሽ ነው፤ ከኋላሽ ሰሐን ቢወድቅም ትደነግጫለሽ። ፊልም ሠሪው ለዚህ ታሪክ አያስፈልገውም፣ ስፒከር ይበቃዋል። ፍርሃት ግን ጊዜ ይፈልጋል፤ የሚሠራውም ተመልካቹ ራሱ ነው። ፊልሙ ቦታውን አዘጋጅቶ ይተውለታል።

ሁለቱ ተጋብተው በደንብ የሚታዩበት ጥንታዊ ምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1942 ዣክ ቱርነር ያዘጋጀው፣ ቫል ሉተን ፕሮዲውስ ያደረገው "ካት ፒፕል" ነው። ስቱዲዮው ለሉተን በአንድ ፊልም ከ150,000 ዶላር በላይ አትፈልግ ብሎት ነበር፤ አውሬ በደንብ ለማሳየት የሚሆን ገንዘብ የለም። በአንዱ ትዕይንት አንዲት ሴት ማታ በመናፈሻ ጥግ ብቻዋን ትሄዳለች፣ ወደ አውሬ ትለወጣለች የምትባለው ሌላዋ ከኋላ ትከተላታለች። ሙዚቃ የለም። የሚሰማው የሁለቱ የታኮ ጫማ ድምፅ ነው፦ የአንዷ ሰከን ያለ፣ የሌላዋ ፈጠን ያለ። የመንገድ መብራቶቹ ተራርቀው ስለቆሙ ሴትዮዋ ከብርሃን ወደ ጨለማ፣ ከጨለማ ወደ ብርሃን ትገባለች። ከዚያ የኋለኛዋ ጫማ ድምፅ ይቆማል። ሌላ ምንም አይሆንም። የፊተኛዋ ዞር ትላለች፣ ማንም የለም፤ መሮጥ ትጀምራለች። በዚህ መሐል አውሬ እንደሚያገሣ ያለ ኃይለኛ ድምፅ ከጎን ይመጣል፤ ሲታይ የሚቆም አውቶቡስ ነው። ተመልካቹ ተነፈሰ። ዛፉ ግን አሁንም ይወዛወዛል።

አውቶቡሱ ድንጋጤው ነው፤ ከዚያ ወዲህ በሺህ ፊልሞች ተቀድቷል፣ በድመትም በበርም በስልክ ጥሪም። የጫማው ድምፅ መቆም ደግሞ ፍርሃቱ ነው፤ እሱን የቀዳው ጥቂት ሰው ነው። ማታ ጅብ ሲጮህ ቢያንስ የት እንዳለ ይታወቃል፤ ክፉው ዝም ሲል ነው።

ጃፓናዊው ሂዴኦ ናካታ እ.ኤ.አ. በ1998 "ሪንጉ"ን ሲሠራ ሌላ መንገድ ተጠቅሟል። መጨረሻ አካባቢ የምትመጣዋን ሴት ወደ ኋላ እንድትራመድ አድርጎ ቀረጸና ምስሉን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው አጫወተው። ወደፊት ትመጣለች፣ ግን እግሯ ሲነሳና ሲያርፍ የሰው አይመስልም። ዓይን ምኑ እንደተበላሸ ሳይነግርሽ አንድ ነገር ልክ አይደለም ይልሻል። ወጪው ምንም ነው።

የሚቀጥለውን ፊልም ስታዪ ይህን ሞክሪ፦ አስፈሪ የተባለውን ትዕይንት ድምፁን ዘግተሽ ድገሚው። አሁንም ትከሻሽ ከተሸማቀቀ አዘጋጁ ሥራውን ሠርቷል። የሚያስቅ ከሆነ ሲያስፈራራሽ የነበረው የድምፅ ባለሙያው ብቻ ነበር። በየአሥር ደቂቃው ቫዮሊን የሚያስጮኹት የዘመኑ ፊልሞች አብዛኞቹ ይህን ፈተና አያልፉም።

ከደጀን፣ መምህር

*ለተማሪዎቼ የውጭ አገርና በትንሽ በጀት የተሠሩ ፊልሞችን ላሳያቸው እፈልጋለሁ። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ "ይህ ነገር አይንቀሳቀስም" ብለው ይወጣሉ። በምን ልጀምር? በሕግስ እጠየቃለሁ?*

በአጭርና በሚያውቁት ዓለም ይጀምሩ። የኢራኑ አባስ ኪያሮስታሚ እ.ኤ.አ. በ1987 የሠራው "የጓደኛዬ ቤት የት ነው?" 83 ደቂቃ ነው። አንድ ልጅ የክፍል ጓደኛውን ደብተር በስሕተት ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ጓደኛው የቤት ሥራውን በዚያ ደብተር ላይ ካልሠራ ከትምህርት ቤት ሊባረር ነው፤ ልጁም ሌላ መንደር ሄዶ ቤቱን ይፈልጋል። ታሪኩ ይኸው ነው። የትልልቅ ሰዎች አለመስማት፣ አቀበቱ፣ የመሸበት ልጅ፤ የገጠር ልጅ ይህን ማንም ሳያብራራለት ይረዳዋል። ከማሳየትዎ በፊት አንድ ጥያቄ ብቻ ይስጧቸው፦ ልጁ ስንት ሰው ጠየቀ፣ ስንቱ በትክክል መለሰለት? የሚቆጥር ተማሪ አይወጣም።

ሁለተኛው የኃይሌ ገሪማ "ምርት ሦስት ሺህ ዓመት" ይሁን፣ እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው። በ16 ሚሊሜትር ጥቁርና ነጭ የተቀረጸ፣ በአማርኛ ስለሆነ ሰብታይትል የማያስፈልገው፣ ስለ ጭሰኛና ባለርስት ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ስለሚረዝም በአንድ ቀን አይጨርሱት፤ በሦስት ክፍለ ጊዜ ይክፈሉት። በሬ ጠምደው የሚያውቁ ተማሪዎች እርሻው በሚታይበት ቦታ የከተማ ሃያሲ የማያየውን ያያሉ፤ እነሱ ይናገሩ።

አስፈሪ ከፈለጉ እ.ኤ.አ. በ1922 ሙርናው ጀርመን ውስጥ የሠራው ድምፅ አልባ "ኖስፌራቱ" አለ። ንግግር ስለሌለው በመካከል የሚመጡትን ጽሑፎች አንድ ተማሪ ጮክ ብሎ በአማርኛ ቢያነባቸው ይበቃል፤ በማሲንቆ የሚያጅብ አዝማሪ ከተገኘማ ከማንኛውም የተቀዳ ሙዚቃ ይበልጣል። ቅጂውን ግን ይምረጡ። አንድ ሰዓት ገደማ የሚፈጀው በተሳሳተ ፍጥነት የሚሮጥ ነው፣ ሰዎቹ እንደ አሻንጉሊት ይሆናሉ፤ በሚገባ የታደሰው 94 ደቂቃ ይሄዳል። የሌሊት ትዕይንቶቹ የተቀረጹት በቀን ስለሆነ በመጀመሪያው ቅጂ ሰማያዊ ቀለም ተነክረው ነበር። ቀለም የሌለው ቅጂ ካገኙ ፀሐይ የምትገድለው ጭራቅ በጠራራ ፀሐይ ሬሳ ሣጥን ተሸክሞ ሲሄድ ያዩና ተማሪዎቹ ይሥቁብዎታል።

ሕጉን በተመለከተ፣ ዲቪዲ መግዛት ወይም ለኦንላይን አገልግሎት መክፈል ለቤት ነው እንጂ ለአደባባይ ማሳያ ፈቃድ አይሆንም፤ ባለመብት ላለው ሥራ ፈቃድ ይጠይቁ። ገለልተኛ ፊልም ሠሪዎች ለትምህርት ቤት በኢሜይል ሲጠየቁ ብዙ ጊዜ እሺ ይላሉ፤ ቀኑን፣ የተመልካቹን ብዛትና ገንዘብ እንደማያስከፍሉ ይጻፉላቸው። በአሜሪካ ሕግ ባለመብት ከሌላቸው አንዱ የጆርጅ ሮሜሮ "ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ" ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ወደ 114,000 ዶላር በሚሆን ገንዘብ የተሠራ ሲሆን አከፋፋዩ ርዕሱን ሲቀይር የባለመብትነት ማስታወቂያው ከርዕሱ ጋር ወጥቶ ቀረ፤ በጊዜው ሕግ ይህ ብቻ ፊልሙን የሕዝብ አደረገው። ሥጋ ሲበላ የሚያሳይ ስላለበት ግን ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍል እንጂ ከዚያ በታች አንመክርም። የድሮ ፊልም ነፃ ቢሆንም አዲስ የተሠራለት ሙዚቃ ባለመብት ሊኖረው እንደሚችልም አይርሱ።

ከሞጣ፣ አራት ጓደኛሞች

*በስልክ የአሥር ደቂቃ አስፈሪ ፊልም ልንሠራ ነው፤ ታሪኩ ስለ ቡዳ ነው። ማታ ስንቀርጽ ምስሉን ነጠብጣብ ይሞላዋል። አምፖል ሥር ደግሞ ጥቁር መስመር ይሄድበታል። ደሙንስ ከምን እንሥራው?*

መስመሩ የሚመጣው ከመብራቱ ነው። የእኛ አገር መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ ስልካችሁ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በሰኮንድ 30 ፍሬምና በ1/60 ሻተር (እያንዳንዱ ምስል ብርሃን በሚያገኝበት የሰኮንድ ክፍልፋይ) ነው የሚቀርጸው። ሁለቱ አይገጥሙም። ብላክማጂክ ካሜራ የሚባለውን ነፃ አፕ አውርዳችሁ 25 ፍሬም፣ ሻተሩን 1/50 አድርጉ፤ ካልጠፋ 1/100 ሞክሩ። ርካሽ ኤልኢዲ አምፖሎች ላይ ጨርሶ የማይጠፋበት ጊዜ አለ፤ ያኔ አምፖሉን ቀይሩ።

ነጠብጣቡ የብርሃን እጥረት ነው። አይኤስኦውን (ካሜራው ብርሃኑን የሚያጎላበትን መጠን) ከ800 አታሳልፉ፣ ዋናውን ሌንስ ብቻ ተጠቀሙ፤ ሰፊውና የሚያቀርበው ሌንስ በጨለማ ደካሞች ናቸው። የውጭ ሌሊት ትዕይንታችሁን ደግሞ ሌሊት አትቅረጹት። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ሃያ ደቂቃ ያህል ጥሩ ብርሃን አላችሁ፤ በእኛ አካባቢ ቶሎ ይጨልማል። ስለዚህ ልምምዱ በ11 ሰዓት ተጠናቆ፣ ካሜራው ቆሞ፣ ተዋናዩ ቦታውን ይዞ ይጠብቅ። ዋይት ባላንሱን (የቀለም ማስተካከያውን) ወደ 3200 ኬልቪን አውርዱት፣ ምስሉ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል፤ ኤክስፖዠሩን (የምስሉን ድምቀት) አንድ ወይም ሁለት ደረጃ ቀንሱ። ሰማዩን ከፍሬም አውጡት፤ ብሩህ ሰማይ ከታየ ማንም ሌሊት ነው ብሎ አያምናችሁም። ከበስተጀርባ አንድ መስኮት ውስጥ መብራት ቢበራ ሌሊቱ ይሞላል።

ቤት ውስጥ ኩራዝ ብቻውን ለስልክ አይበቃም። ኩራዙ በፍሬም ውስጥ ይታይ፣ ከእንስራው ወይም ከምሰሶው ጀርባ ግን 5 ወይም 7 ዋት ቢጫማ ኤልኢዲ ደብቁ፤ ፊቱን ከጎን ይምታው፣ ከፊት ለፊት በፍጹም። ፎከሱንና ኤክስፖዠሩን ቆልፉ፤ አለዚያ ሰው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ስልኩ ራሱ ምስሉን ያደምቃል፣ ያደበዝዛል። ሣር ቤት ውስጥ ከሆናችሁ ነጭ ጋዙን ውጭ አስቀምጡ፣ አንድ ባልዲ ውኃም አጠገባችሁ ይኑር።

ድምፁን ከሦስት ሜትር ርቀት በሚቀርጸው ስልክ አትመኑ። ሁለተኛ ስልክ በተዋናዩ የደረት ኪስ አስገቡና ይቅዳ፤ ሲጀመር አንድ ጊዜ አጨብጭቡ፣ ኋላ ሁለቱን ለማጋጠም በዚያ ታገኙታላችሁ። በየቦታው ሁላችሁም ዝም ብላችሁ የ30 ሰኮንድ ባዶ ድምፅ ቅዱ። ንግግር ስትቆራርጡ ክፍተቱ የሚሞላው በዚያ ነው፤ የሌለው ፊልም ወዲያው ያስታውቃል።

ደሙ እንዲህ ነው፦ ሁለት ኩባያ ስኳር በአንድ ኩባያ ውኃ አፍልታችሁ ሲወፍር አውርዱትና አቀዝቅዙት። ቀይ የምግብ ቀለም ጨምሩ፣ ከዚያ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ኮኮዋ በትንሽ ውኃ በጥብጣችሁ ጠብ ጠብ አድርጉበት። ያለ ኮኮዋ የሚሠራው ደም ስልክ ላይ ሮዝ ይሆናል። ለልብስ የሚሆነው ላይ ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ከጨመራችሁ ቶሎ ይታጠባል፤ ሳሙና የገባበትን ግን አፍ አካባቢ አታድርጉ። ነጭ ነጠላ ላይ መጀመሪያ በጫፉ ሞክሩት፣ የተዋሳችሁት ነጠላ ከሆነማ ይቅርባችሁ። ስኳር ስለሆነ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ዝንብና ጉንዳን ይሰበስባል፤ ደም ያለበትን ትዕይንት መጨረሻ ላይ አድርጉት። በጥቁርና ነጭ የምትቀርጹ ከሆነ ቀዩ ቀለም ጨርሶ አያስፈልግም፣ ወፍራም የቸኮሌት ሽሮፕ ይበልጠዋል።

ታሪኩን በተመለከተ ዝም ብለን አናልፍም። ቡዳ የሚለው ስም ሲለጠፍ የኖረው በሸክላ ሠሪ፣ በቀጥቃጭና በሸማኔ ላይ ነው፤ በዚህ የተነሳ ልጃቸውን የማይድሩላቸው፣ ማዕድ የማይቆርሱላቸው ብዙ ነበሩ። ፊልማችሁ መጨረሻ ላይ "እውነትም እሷ ነበረች" ብሎ ጣቱን ሸክላ ሠሪዋ ላይ ከቀሰረ ለአሥር ደቂቃ ፍርሃት ጎረቤት አስከፈላችሁ። በሲኒማ ዓይንም ደካማው መንገድ እሱ ነው። በልቷል የተባለውን አታሳዩ፤ ሰፈሩ ተሰብስቦ በሩን ሲያንኳኳ ካሜራው ከውስጥ፣ ከሸክላ ሠሪዋ ጋር ይሁን።

ከቢቸና፣ እናት

*የ11 ዓመት ልጄ ከታላላቆቹ ጋር አስፈሪ ፊልም አይቶ ብቻውን አልተኛም አለኝ። ጭራሽ ልከልክለው?*

ለአሁኑ አዎ፣ ግን ያየውን ደብቀው አይተዉት። ቀን ላይ አብረውት ሆነው ያስፈራውን ቦታ ያለ ድምፅ ያሳዩትና ሜካፑና ደሙ እንዴት እንደተሠራ ያስረዱት፤ ከላይ ያለውን የደም አሠራር አብራችሁ ብትሠሩም ጥሩ ነው። ከአሜሪካ ፊልሞች በፊት የሚወጣውን የዕድሜ ምልክት ለታላላቆቹ ያስተምሯቸው፦ "አር" የሚለው ከ17 ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ ወላጅ ወይም አሳዳጊ አይግባ ማለት ነው፤ "ፒጂ-13" ደግሞ ከ13 ዓመት በታች ላለ ልጅ የማይስማማ ነገር ሊኖርበት ይችላል ማለት ነው።

ከቡሬ፣ አንባቢ

*አዲስ ትልቅ ቴሌቪዥን ገዛሁ። የድሮ ፊልሞች ሁሉ የሠርግ ቪዲዮ መሰሉብኝ፤ ተዋናዮቹም ወፈሩ።*

ቴሌቪዥኑ በፍሬሞቹ መካከል ራሱ ፍሬም እየፈጠረ እየጨመረበት ነው። ፊልም በሰኮንድ 24 ፍሬም ስለሚሄድ ቴሌቪዥኑ "ላለስልሰው" ይላል። በሳምሰንግ "ኦቶ ሞሽን ፕላስ"፣ በኤልጂ "ትሩሞሽን"፣ በሶኒ "ሞሽንፍሎ" የሚለውን አጥፋው፤ የምስሉንም ሞድ ከ"ቪቪድ" ወደ "ሲኒማ" ወይም "ሙቪ" ቀይር። ለሁለት ቀን ቢጫ ይመስልሃል፣ ከዚያ ዓይንህ ይለምደዋል። መወፈራቸው ደግሞ ምስሉ ስለተለጠጠ ነው፦ እ.ኤ.አ. እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የተሠራ ፊልም ወደ ካሬ የሚጠጋ ቅርጽ አለው፤ የምስሉን መጠን 4 ለ 3 ወይም "ኦሪጂናል" አድርገው። ግራና ቀኝ የሚቀረው ጥቁር የፊልሙ ነው፣ አትሙላው።